ኪዳነ ምሕረት ከደረት ኪስ ያወጣቻት ብሎን

ምእመናን ሆይ፣ ወላዲተ አምላክ ኪዳነ ምሕረት በጨፌ ሰው ሁሉ ፊት ያደረገችውን ተአምር ስሙ፤ ምቀኛም ካለ ቀረብ ብሎ ይስማ።

በጨፌ ከተማ ይታይሽ የምትባል፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን የሆነች መበለት ነበረች፤ ፊደል ባትቆጥርም ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ይዛ፣ የየዕለቱን ሳታደርስ እህል ላትቀምስ ስእለት ነበረባት። ባሏ ጓንጉል ሾፌር ነበረና ሲያርፍ አንዲት አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ትቶላት ሄደ፤ መኪናይቱም ስድስት ክረምት በግቢ ቆማ ዶሮ ዕንቁላል የሚጥልባት ሆነች። የሟች ወንድም ደምሰው ደግሞ፣ ወንድሙ ታሞ ሲማቅቅ አንድ ቀን እንኳ ውኃ ያላቀበለው ሰው፣ ዐይኑ ብረቱ ላይ ወደቀና «ተቆራርጣ ለቁራሌ ትሸጥ» እያለ ሽማግሌ አስቀመጠ። ይታይሽም «እኔው ጠግኜ አስነሣታለሁ» ባለች ጊዜ «አንቺ? የጎማ ንፋስ በየት እንደሚገባ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀባት። ሽማግሌዎቹም እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ቀጠሯትና፣ ከተነሣች ለእሷ፣ ካልተነሣች ለደምሰው ብለው ፈረዱ። የገዛ ባሏ መኪና! ይህም ፍርድ ተባለ።

እርሷም የባሏን መፍቻ አንሥታ ጀመረች፤ በመጀመሪያው ቀን የዘይቱን ብሎን ከሥር ፈትታ ዘይቱ ሁሉ ቀሚሷ ላይ ወረደና መንደር ሳቀባት፣ እርሷ ግን አልተወችም። ባሏ «መጨረሻ የፈታሽውን መጀመሪያ ግጠሚ» ሲል ሰምታ ነበርና፣ ሰኞ የፈታችውን የሰኞን ውዳሴ እያደረሰች በጨርቅ ቋጠረች፣ የማክሰኞውንም ለብቻው፣ እንዲሁ እስከ ዓርብ አምስት ቋጠሮ አደረገች፤ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነውና ብረት አልነካችም። ከዚያም ዝገቱን በናፍጣ አጥባ ጨረሰች።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ እርሷ ቅዳሴ ስታስቀድስ፣ ደምሰው በጠራራ ፀሐይ ግቢዋ ገባና አምስቱን ቋጠሮ ፈትቶ በአንድ ሣፋ ገለበጠው፤ ያም አልበቃው ብሎ አንዲት ትንሽ ብሎን በደረት ኪሱ ከተተ። ይህን ኋላ በገዛ አፉ ተናግሮታል።

ይታይሽም ተመልሳ ሣፋውን ባየች ጊዜ ከእመቤቷ ጋር ተሟገተች፤ «እኔ ጸሎትሽን አንድ ቀን አስታጉያለሁ? ታዲያ ቤቴ ሲፈታ የት ነበርሽ?» አለች። እንደተናደደችም ከሣፋው አጠገብ ተቀምጣ ከዓርብ ወደ ሰኞ እየተመለሰች ውዳሴውን ታደርስ ጀመር፤ የዓርቡን ስትል እጇ የዓርቡን ብሎን አነሣ፣ የሐሙሱን ስትል የሐሙሱን፣ እንዲህም እያለ የየቀኑ ብሎን ሁሉ በየስፍራው ገባ። ነገር ግን ናፍጣ በሚገፋው ፖምፓ ላይ አንዲት ቀዳዳ ባዶዋን ቀረች።

በበዓሉ ቀን ታቦቱ ከገባ በኋላ ሽማግሌዎቹና ቄስ መዝገቡ ከሕዝቡ ጋር በግቢዋ ተሰበሰቡ። ሞተሩን ብታዞረው ናፍጣው በዚያች ቀዳዳ ተረጨና መኪናይቱ ዝም አለች። ደምሰውም «አላልኳችሁም? ሴት ወጧን ታማስል! ብሎን አጉድላ ገጥማ በማርያም ታሳብባለች» ብሎ መዶሻ የያዙትን ቁራሌዎች ጠራ።

ይታይሽም «ያጎደለው ሰው ነው። ደምሰው እጄ የለበትም ይበልና የቄሱን መስቀል ይሳለም» አለች።

እርሱም ደረቱን ነፍቶ «የለበትም!» አለ። ሊሳለምም ጎንበስ ባለ ጊዜ ብሎኒቱ ከደረት ኪሱ ሾልካ በድንጋዩ ላይ ቅጭል ብላ ወደቀች።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዲት አሮጊትም «እሰይ! እናንተ ያጣመማችሁትን ፍርድ እሷ አቀናችው!» አለቻቸው።

ይታይሽም ብሎኒቱን ከእግሩ ሥር አንሥታ በቀሚሷ ጠርጋ አጠበቀቻት፤ ሞተሩንም ባዞረችው ጊዜ መኪናይቱ ጥቁር ጭስ ተፍታ አጓራች፣ ዶሮዎቹ በረሩ፣ ሴቶቹም እልል አሉ። ደምሰውም በግንባሩ ወድቆ ተናዘዘ፤ ቄሱም ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር የሚሆነውን ድንጋይ በዚያችው መኪና እስከ ፋሲካ እየጫነ እንዲያወርድ ንስሓ ሰጡት። ይታይሽም የመጀመሪያውን ጭነት ለኪዳነ ምሕረት አስገብታ እያለቀሰች አመሰገነቻት።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ የተፈታ ኑሯችሁን በየቦታው ትግጠምላችሁ፤ የጎደለባችሁንም ከሸሸገው ሰው ኪስ በአደባባይ ታውጣላችሁ፤ አሜን።