የጃርት ነጭ ወይን

ተረት አለኝ፤ እናንተም «እሺ፣ ንገረን» በሉኝ።

ጃርት ሦስት ዓመት ያቆየችውን ነጭ ወይን እንዲቀምሱላት ወዳጆቿን ቤቷ ጠራች። ደጁ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ዝንጀሮ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና «እሰይ! ድገሚኝ!» አለ። ቀበሮ «እኔ ቤት ያለው ይበልጣል» እያለች ሁለት ዋንጫ ጨረሰች። ኤሊ ግን የመጀመሪያዋን ጉንጭ በአፏ እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። በዚህ መሀል እንስራው ባዶ ሆነ።

«ምነው እቴ፣ አልጣፈጠሽም?» አለቻት ጃርት ፈራ ተባ እያለች።

ኤሊ ቀስ ብላ ዋጠችና «በረዶ እየዘነበ ነው» አለች፤ «አንቺ አጎንብሰሽ የወይኑን አበባ በጀርባሽ እየከለልሽ ነው።»

ጃርት ወይኑ ሲያብብ በረዶ የወረደበትን ያን ቀን ለማንም አውርታ አታውቅም። እንግዶቹን ስትሸኝ ኤሊን አስቀረቻት፤ ከጓዳም ሌላ እንስራ ይዛ ወጣች። እሾኋን አስተኝታ ከጎኗ ተቀመጠች።