ክረምት ያለፈበት ዩሪያ

አንዲት ላም ብቻ ያለችው ሰው ነበረ። ቁጭ በል አስናቀ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «የኔታ፣ ለእናቴ ሁሉን አደረግሁላት፤ ታዲያ ለምን አታውቀኝም?» አልከኝ። ስማኝ እንግዲህ፤ ደግሞ አታቋርጠኝ።

ይህ ሰው ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ጨቅላ ልጁን የሚያሳድገው በላሚቱ ወተት ነበር። ላሚቱ የምትበላው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ የተከለውን የዝሆን ሣር ነው። መሬቱ ግን የተጎዳ ስለነበር ሣሩ ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። አንድ የግብርና ባለሙያ መጥቶ አየለት። «ሣርህ የራበው ናይትሮጅን ነው» አለው። «ይህን ዩሪያ ውሰድ። ክረምቱ ሳያልፍ፣ ሣሩን ባጨድክ ቁጥር፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ ትንሽ ትንሽ እየበተንክ አፈር አልብሰው። ቅጠሉ ይሰፋል፤ ቶሎ ቶሎም ታጭዳለህ።»

ሰውየው ጆንያውን ተሸክሞ ገባ። ደስታውን አትጠይቀኝ! ቆጥ ላይ ሰቀለው። ከዚያማ ሳሳለት። ዝናቡ ሲበረታ «ጎርፍ ይወስድብኛል» አለ። ዝናቡ ሲያባራ «እስቲ ደህና ዝናብ ይምጣ» አለ። ጎረቤቱ የራሱን በጊዜው በትኖ ስለነበር፣ ሣሩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከወገብ አለፈ፤ ሲያጭዱት ደግሞ ወዲያው ያቆጠቁጣል። «ኧረ አንተ ሰው፣ ዝናቡ እየሄደ ነው!» ይለዋል ጎረቤቱ። «ቆይ እንጂ፣ ዩሪያው እንደሆነ አለ፤ የት ይሄዳል?» ይላል እሱ። እውነቱን ነው፤ ዩሪያው የትም አልሄደም። የሄደው ክረምቱ ነው።

መስከረም አልፎ ፀሐዩ ሲከር፣ ያ ቀጫጫ ሣር ሳያድግ አገዳው ደረቀ። የላሚቱ ወተት ነጠፈ። ጎረቤቱ አዝኖ ሸክም ሣር ቢሰጠውም የነጠፈ ወተት አልመለስ አለ። ልጁ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጣ። ያን ጊዜ ሰውየው በርግጎ ጆንያውን ቢፈታው ዩሪያው ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። በመጥረቢያ ጀርባ ፈረካከሰና ሁሉንም በአንድ ቀን ደረቅ መሬት ላይ ደፋው። ከወንዝ በጀሪካን ውሃ እያመላለሰ አርከፈከፈበት። ምን ዋጋ አለው! ያቺ ጥቂት ውሃ ዩሪያውን አሟሟችና ሥሩን አቃጠለችው። ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እሳት የላሰው መሰለ። ለከርሞ ክረምት ሊያቆጠቁጥ የሚችለው ጉቶ እንኳ ሞተ። ልጁም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ሰውየው ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ወይ አበሳ! ሣሩ መሀል ቆሞ ጮኸበት። «ምን አጎደልኩብህ? ያለኝን ሁሉ ሰጠሁህ አይደለም ወይ!»

አየህ አስናቀ፣ ያ ሣር እናትህ ናት። ዓይኗ ሲያይ፣ ልቧ ሲያውቅ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ወደ መንገዱ ታማትር ነበር። እኔ ራሴ አይቻታለሁ። አንተ ከተማ ተቀምጠህ «ቤቴን ልጨርስ» አልክ፤ «ዘንድሮን ልለፍ» አልክ። ክፉ ልጅ አልነበርክም። ትወዳት ነበር፤ ግን ፍቅርህን ቆጥ ላይ ሰቀልከው። ዛሬ ደርሰህ ሐኪሙን፣ አዲሱን አልጋ፣ የማታውቃቸውን አስታማሚዎች ሁሉ ባንዴ አፈሰስክባት። እሷስ አትደንግጥ እንዴ? ምን ታድርግ!

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ትለኛለህ። ምንም። ላስለቅስህ ፈልጌ አይደለም ልጄ፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽህም። ከእንግዲህ አታውቅህም። ይልቅ ሂድና ያን ሁሉ ሰው አሰናብተህ አጠገቧ ቁጭ በል። «ልጅሽ ነኝ» እያልክ አታስጨንቃት። «ማነህ?» ስትልህ «መንገደኛ ነኝ እማማ፤ መሽቶብኝ ነው፣ አሳድሪኝ» በላት። መንገደኛ ማሳደር አልረሳችም።