ሁለት በር ለሦስት ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ የጭነት መኪና ፍሬኑን እያስጮኸ ከሚወርድበት ቁልቁለት ሥር፣ ልክ ኩርባው ላይ፣ አንዲት እናት የጭቃ ቤትና ሦስት ልጆች ትታ ሞተች። አስፋልት ዳር ያለ ቤት ባለቤቱ ሲሞት ዘመዱ ይበዛል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ዘመድ ሆነና መጣ። «መንገድ ዳር የጭቃ ቤት አይፈቀድም። ደረጃውን የጠበቀ የንግድ ሕንፃ ዲዛይን እስከ ሰኔ መጨረሻ ካላስጸደቃችሁ ቦታው ለሚችል ይሰጣል» አለ። ግድግዳው ላይም በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት።

ትልቋ የሻረግ ናት። እናቷን ያስታመመችውም፣ በዚያው ቤት ለሹፌሮች ቁርስ እየሸጠች የምትተዳደረውም እሷ ነበረች። አፍራሾቹ ቀኑ ሳይደርስ ዶዘር ይዘው ሲመጡ የከሰል ምድጃዋን አውጥታ ደጃፉ ላይ ፉል ጣደች፤ ከጎኑ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ተነሺ እንጂ» አላት ኃላፊው።

«ሲበስል እነሳለሁ» አለችው።

ፉሉ እስኪመሽ አልበሰለም። ዶዘሩ በሰዓት የተከራየ ነበርና ተመልሶ ሄደ። ቦታውን ያቆየችው እንዲህ አድርጋ ነው።

ሁለተኛው አንዳርጌ ነው፤ በሰው ቢሮ ተቀጥሮ ንድፍ የሚሠራ። ለእህቶቹ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነደፈላቸው። ላይኛዎቹን ፎቆች ለራሱ ወስዶ የሚገነባ ተቋራጭም አገኘ። ለሦስቱ እህትማማችና ወንድም የሚቀረው ታችኛው ወለል ነው፤ አስፋልቱን የሚያዩ ሦስት እኩል ሱቆች። አንዳርጌ በየበሩ ላይ ስም ጻፈ፤ ለየሻረግ ቁርስ ቤት፣ ለራሱ የንድፍና የፎቶ ኮፒ ሥራ፣ ለታናሿ ለትርንጎ ልብስ ስፌት። እህቶቹ አይተው አለቀሱ። ወረቀት ላይ የማያምር ቤት የለም።

ግን የቦታው ፊት ጠባብ ነበር፤ ደረጃው ከሚጠይቀው ስለሚያጥር ለግምገማ እንኳ አይቀርብም። በኩርባው በኩል ያለው ጎረቤት፣ አቶ ጥላዬ፣ ከግቢው ቁራጭ ቢጨምርላቸው ይሞላል። አቶ ጥላዬ ሚስቱን የቀበረ፣ ምላሱ ከሬት የሚመር ሽማግሌ ነው። «መሬት አልሸጥም። ለዘመድ ግን እሰጣለሁ» አለና ትርንጎን አያት።

ትርንጎ በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የምትሰፋ ሴት ናት። የወንድሟን ንድፍ ይዛ፣ ስሟ የተጻፈበትን በር ስታይ ዋለች። «የራሴ በር ካለኝ፣ አንድ ቀን ከሽማግሌው ቤት ወጥቼ እገባበታለሁ» አለቻት ለእህቷ። የሻረግ ተይው አላለቻትም። የሙሽራ ቀሚሷን ተኮሰችላት። ሌላው ሰው በትዳር መሬት ያገኛል፤ ትርንጎ በመሬት ትዳር አገኘች።

የሰኔ የመጨረሻው ግምገማ ደረሰ። ንድፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ገምጋሚዋ ኢንጂነር ሰናይት ጣቷን ኩርባው ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ማዕዘን አይገነባም። ከላይ የሚወርድ ሹፌር ኩርባውን አሻግሮ ማየት አለበት።»

«ሱቅ ነው እኮ» አለች ትርንጎ ከኋላ ወንበር።

«አይቻለሁ እህቴ። እዚያ የሞቱትንም አውቃለሁ። አስተካክላችሁ ለሐምሌ ስብሰባ አምጡት።»

ሐምሌ ማለት ቦታው የሌላ ሰው ነው ማለት ነው። አንዳርጌ ወደ እህቶቹ ዞር ብሎ አላየም። እርሳሱን አንስቶ ማዕዘኑን ቆረጠው፤ ሦስተኛውን ሱቅ ወደ ጀርባ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን፣ አዛወረው፤ ፈረመ። ዲዛይኑ ጸደቀ።

የተቆረጠው ማዕዘን ትርንጎ ያገባችበት ቁራጭ መሬት ነው።

ደጅ ሲወጡ ትርንጎ ጠየቀችው። «ይህን ሕግ መቼ አወቅኸው?»

«ስነድፈው።»

«ስሜን ስትጽፍበት?»

«ሁለት በር ብቻ ባሳያችሁ ኖሮ አንዳችንም አንነሳም ነበር። ምናልባት ያልፉታል ብዬ ነው።»

«አንተ ምናልባት ብለህ ነደፍክ፤ እኔ እሺ ብዬ አገባሁ» አለችው።

ሕንፃው ሲያልቅ የኋላውን ሱቅ ማን እንደሚወስድ እንዲፈርዱ ሽማግሌዎች ተጠሩ። አንዱ «ዕጣ ጣሉ» አለ። የሻረግ «ዕጣ ለባዳ ነው» ብላ መለሰችለት። ሌላው «በየዓመቱ ተፈራረቁ» አለ። አንዳርጌ «ደንበኛ ዶሮ ነው እንዴ፣ በየዓመቱ ቆጥ የሚለምድ?» አለው። ሦስተኛው ወደ ትርንጎ ዞረ፤ «አንቺ ባል አለሽ፣ ምን ቸገረሽ?»

«ባሌን ይውሰዱና በሩን ይስጡኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌዎቹ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። ምርቃት በር አይከፍትም።

የሻረግ እንዲህ ትላለች፦ «ፉሌን ከመጸዳጃ ቤት ጎን ማን ይበላልኛል? ደግሞስ ቦታውን ያቆየሁት እኔ።» እውነቷን ነው። ግን የእህቷን ቀሚስ የተኮሰችውም እሷ ናት።

አንዳርጌ እንዲህ ይላል፦ «ያን ቀን እርሳሴን ባላነሳ፣ ዛሬ የምንጣላበት በር አይኖርም።» እውነቱን ነው። ግን በሌለ በር ላይ የሰው ስም የጻፈውም እሱ ነው።

ትርንጎ እንዲህ ትላለች፦ «እናንተ የአንድ ቀን ሥራ ሠርታችሁ ቤታችሁ ገባችሁ። የእኔ በየማታው ነው።» እውነቷን ነው። ግን እሺ ያለችው በገዛ አፏ ነው ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉት ለአቶ ጥላዬ ያልተዳሩት ናቸው።

ማዕዘኑ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ሹፌሮች ኩርባውን አሻግረው ያያሉ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ ሰው አልሞተም። ከሰዓት በኋላ አቶ ጥላዬ ወንበሩን እዚያ ክፍት ቦታ ላይ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሚስቱን ውሃ አምጪ ይላታል። እሷም ውሃውን ይዛ በተቆለፉት ሁለት የፊት በሮች አጠገብ ታልፋለች። የኋላውም ተቆልፏል። ማንም ቀድሞ ቁልፍ አላነሳም።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። ሁለቱ ወደ አስፋልቱ ይውጡ፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን መግባት የሚገባው ማነው?