ሳይታጠን የተሰቀለው ቀፎ

አንድ ንብ አናቢ ነበሩ፤ አቶ ይግዛው የሚባሉ። ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ትምህርቷን ስትጨርስ ጓደኞቿ አንዷ ለሕክምና፣ ሌላዋ ለሕግ እያሉ ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ከተማ ሄዱ። እሷ ግን ምን መማር እንደምትፈልግ ገና አልለየላትም ነበርና አንድ ዓመት ቤት ልቆይ ብላ አባቷን ለመነች። እሳቸውም ፈቀዱላት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ በዓል አለፉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር አለባት። ገበያ ብትወጣ ያገኛት ሁሉ «አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው?» ይላታል። መልስ ስለሌላት መጀመሪያ ገበያውን ተወች፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ በመጨረሻም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ጀመረች። አባቷ እንኳ ሰው ስለ እሷ ሲጠይቃቸው «አለች፣ ደህና ናት» ብለው ወሬ ሲቀይሩ ሰማች። ከሁሉ በላይ ይህ አንገበገባት።

አንድ ቀን አቶ ይግዛው አዲስ ቀፎ አምጥተው ያንቺ ነው፣ እንደወደድሽ ስቀይው አሏት። ቀፎ ከመሰቀሉ በፊት ውስጡ ሰም ተቀብቶ፣ መዓዛው ንብ እንዲስብ በጠጅ ሳርና በአሪቲ ጢስ እንደሚታጠን ጥሩወርቅ አሳምራ ታውቃለች። ጠጅ ሳሩ ያለው ግን በጎረቤት ጓሮ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ ሳታጥን ጓሯቸው ካለው ዋንዛ ላይ ሰቀለችውና ቁጭ ብላ መጠበቅ ያዘች።

የንብ መንጋ መጣ። ዋንዛውን ዞረ፣ ቀፎውን ጎበኘ፣ ትቶት ሄደ።

«አባዬ፣ ንቦቹም ናቁኝ» አለች።

አባቷ ቀፎውን አውርደው ከፈቱት። ሸረሪት አድርታበታለች።

«ባዶ ቀፎ መስቀል አያሳፍርም፤ እኔም በየዓመቱ እሰቅላለሁ» አሏት። «ንቡ ከየት እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። እኔ የማውቀው ማጠኑን ነው። አንቺ ግን መቼ አጠንሽው?»

በማግስቱ ጥሩወርቅ እግሯን እየጎተተች ብቻቸውን ወደሚኖሩት ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄደች። እንደፈራችው መቼ እንደምትሄድ ጠየቋት። ገና እንዳላወቀች፣ ለጊዜው ግን ለቀፎዋ ጠጅ ሳር እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አስካለ አልሳቁባትም። ሳሩን አጭደው ሰጧትና ልጆቻቸው ከሄዱ ወዲህ የሚያወሩት ሰው እንዳጡ ነግረው ነገም ነይ አሏት። እሷም ሄደች። ለአሪቲ ደግሞ ሌላ ጓሮ መሄድ ነበረባት፤ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ሲሟላ ቀፎውን ጠርጋ አጠነችና መልሳ ዋንዛው ላይ ሰቀለችው። እየዋለ ሲያድር የትኛው ተክል መቼ እንደሚያብብ፣ ንብ የትኛውን እንደሚወድ እየጠየቀች አባቷን መልስ ታሳጣቸው ጀመር።

በልጉ ዘንቦ ዛፉ ሁሉ ሲያብብ ሌላ መንጋ መጣ። ቀፎው ውስጥ ገባ፣ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃፋቸው ለሚያልፍ ሁሉ አቶ ይግዛው ሳይጠየቁ ወደ ዋንዛው እያመለከቱ «ያ የልጄ ቀፎ ነው» ይሉ ነበር። ጥሩወርቅ ከጓሮ ሆና ሰማቻቸው። ደስታው ውስጧን ሞላው፤ ቀና ብላም ወደ ሰው መሃል ወጣች። ዓመቱ ሲያበቃ ስለ ዕፅዋት ልትማር ተነሳች፤ ጓደኞቿ ምን ስትሠሪ ከረምሽ ሲሏትም «ቀፎዬን ሳጥን ከረምኩ» አለቻቸው።

ወገኖቼ፣ መንገዳችን የማይታወቅበት ዓመት ለሁላችንም ይመጣል። ባዶነቱ አያሳፍርም። የሚመጣውን መምረጥ ባንችልም ቤቱን ማሰናዳት ግን የኛ ፋንታ ነው፤ ጠጅ ሳሩም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጎረቤት ጓሮ ነው። እናንተስ ጥያቄውን ፈርታችሁ የማንን በር ሳታንኳኩ ቀራችሁ?