የአገር ቅርጫ

የፊታውራሪ አንዳርጌ ከብቶች ከመንደሩ ከብት ጋር በአንድ መስክ ይግጡ ነበር። የከብት ሳል የገባ ጊዜ ፊታውራሪው፣ “የሚያስል በሬ ያለው ሁሉ አምጥቶ ያሳርድ፤ ሥጋው ይቀበራል፤ ካሳ የሚባል ነገር የለም” ብለው አዋጅ አስነገሩ። በማግሥቱ በመንደሩ የሚያስል በሬ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ በየጓዳው ደብቆት ነበር።

መጀመሪያ የተያዘችው አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ነበረች። የፊታውራሪው አሽከሮች በደጇ ሲያልፉ በሬዋ ከጓዳ ሆኖ ሳለባት።

“ለአንድ በሬ ሳስተሽ የአገሩን ከብት ልታስፈጂ ነው?” ብለው ፊታውራሪው በሸንጎ ፊት ጮኹባት።

“እንግዲያው ይታረድ፣ ጌታዬ። ለአገር የታረደ በሬ ግን ቅርጫ ነው። በቅርጫ ሥጋውን የተካፈለ ዋጋውንም ይካፈላል። በኔ በሬ መታረድ ከሚተርፈው ከብት የሚበዛው የርስዎ ነውና፣ ከዋጋው ትልቁን መደብ እርስዎ ያንሱ።”

ሸንጎው ሳቁን ዋጠ። ፊታውራሪው ግን ፊታቸው ቀላ።

“ካሳ የለም ብያለሁ! በሬው ያንቺ፣ ኪሳራውም ያንቺ ብቻ!”

“እሺ ጌታዬ” አለች እጅ ነስታ፣ “እንግዲያው ሳሉም የኔ ብቻ ሆኖ ከበሬዬ እንዳይወጣ አንድ አዋጅ ያስነግሩልኝ።”