ደህና ነን የሚሉ ልጆች

አንድ ጡረተኛ ነበረ፣ ከነሚስቱ። ቆይ ትርሲት፣ ለጥያቄሽ መልስ ነው የምሰጥሽ፣ እስከ መጨረሻው ስሚው። መቼም የድምፅ መልእክት ስለሆነ ልታቋርጪኝ አትችዪም፤ እሰይ! «አባዬና እማዬ ለሰው ብለው አገር ላገር ሲዞሩ፣ እኔን ልጃቸውን ለምንድን ነው መጥተው የማያዩኝ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በዚያው አፍሽ ደግሞ «ባሌ ጥሎኝ መሄዱን እንዳትነግራቸው» አልሽኝ። እኔ ወንድምሽ ደሜ ፈልቷል። ቢሆንም ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ሰውዬው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ሚስቱ አዋላጅ ነርስ። ጡረታ ሲወጡ «ቤት ተቀምጠን ግድግዳ ልናይ ነው?» አሉና በአሮጌ መኪናቸው ክሊኒክ የሌለበትን ቆላ መዞር ጀመሩ። እሷ ታዋልዳለች፣ እሱ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። የደረሱበት አገር ሰው ሁሉ ከቦ ችግሩን ያወራቸዋል። የእገሌ ሚስት ምጥ ጠንቶባታል፣ እዚያ ማዶ ጉድጓዱ ደርቋል። እነሱም ተነስተው ይሄዳሉ።

ኔትወርክ ሲያገኙ ደግሞ ቤት ይደውላሉ።

«ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን! ምንም አታስቡ!»

ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም'ኮ። «መንገድ ላይ ናቸው፣ ለምን እናስጨንቃቸው» ብለው ነው። ወንዱ ከሥራ ተባረረ፤ ደህና ነን። ሴቷ ያረገዘችው ጨነገፈባት፤ ደህና ነን። ስልኩ ሲዘጋ ግን ልጅቱ ታለቅሳለች፣ «እናቴ የሰውን ልጅ ስታቅፍ እኔን ረሳችኝ» እያለች።

አንድ ቀን አፋር በረሃ ውስጥ አንድ ግመል የሚነዳ ሽማግሌ አገኙ። እዚያ አገር ደንብ አለ፣ ዳጉ ይሉታል። መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኙ ቁጭ ይሉና ያዩትን የሰሙትን ሁሉ፣ ደጉንም ክፉውንም፣ ይለዋወጣሉ። መደበቅ ነውር ነው። ውሃው የት እንደደረቀ የደበቀ ሰው፣ ሰው ይገድላል'ኮ። ሽማግሌው የራሱን ጀመረ። የት እንደዘነበ፣ የማን ግመል እንደሞተ፣ ከወንድሙ ጋር በምን እንደተኳረፈ፣ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያመው። ሲጨርስ «ያንተስ?» አለው።

ሰውዬው የመንገዱን ሁሉ ነገረው።

«ቤትህስ?»

«ቤት ደህና ነው።»

«ማን ታመመ?»

«ማንም።»

«ማን ተጣላ?»

«ኧረ ማንም አልተጣላም!»

«ባለፈው ስትጠይቅስ?»

«ያኔም ደህና ነበሩ።»

ሽማግሌው አፉን ይዞ ሚስትየዋን አያት። «ይሄ ቤት በየት በኩል ነው? ግመሌን ይዤ ልግባበት። ሰው የማይታመምበት፣ ሰው የማይጣላበት ቤት አይቼ አላውቅም» አለ። ሰውዬው ሳቀ። ሚስትየዋ ግን አልሳቀችም። ሽማግሌውም አልሳቀም፣ የምሩን ነበር። «እኛ ወሬ የምንደብቀው ከጠላት ነው። የቤታችሁ ሰዎች እናንተን ምን አድርገው ቢቆጥሯችሁ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።



ሚስትየዋ ባሏን መኪናውን አስነስቶ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ እንዲያወጣት አደረገችውና ለልጇ ደወለች። «እንዴት ናችሁ?» አላለችም። የራሷን አስቀደመች። «ልጄ፣ በቀደም ወድቄ እጄ ተሰብሯል። እንዳትደነግጪ ብዬ ደበቅኩሽ። አሁን የእናንተን ንገሪኝ፤ ከቤታችን ማነው የታመመው?»

 ልጅቱ እያለቀሰች «እኔ» አለች።

አባትየው መሪውን ወደ ቤት አዞረ።

እና ትርሲት፣ ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ። ሰው የሚሮጠው ወደጠራው ነው። የጂንካ ሰዎች «ድረሱልን» አሏቸው፣ ሊደርሱላቸው ነው። አንቺ ምን አልሻቸው? «ደህና ነኝ፣ ባሌም ሰላም ይላችኋል!» የትኛው ባል ነው ሰላም የሚለው? እነሱ ደግሞ አመኑሽ። ልጅን ማመን መርሳት ነው እንዴ? በሩን ከውስጥ ቆልፈሽ ለምን አልገቡም ብለሽ እኔ ላይ ትጮሂያለሽ!

ነገ ጠዋት ወደ ጂንካ ይወጣሉ። እማዬ እዚሁ አጠገቤ ልብስ እያጣጠፈች ነው፤ ጩኸቴን ሰምታ «ትርሲት ምን ሆነች?» እያለችኝ ነው። እኔ አልመልስላትም፤ ወሬው የኔ አይደለም። ይሄን መልእክት ልኬ ወዲያው እደውልልሻለሁ፣ ስልኩን የምሰጠው ግን ለእሷ ነው። አንሺው።