በአንድ ስም ሁለት አስተዳዳሪ

«ይሂዱልኝ እንጂ! ነገ ልጅዎን እየዳሩ ዛሬ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ስምረት። እኔ ከሄድኩ ይህ ሆስፒታል በማን እጅ ይቀራል?»

«በእኔ እጅ ነዋ! ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ያስተማሩኝ መሰልዎት? ሽቦ መጠቅለል?»

«ሽቦ መጠቅለሉንም ገና አልቻልሽበትም።»

ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ሰው ከሥራ ባልደረባው ጋር እንዲህ ይጨቃጨቃል። ሰውየው በአንድ የክልል ከተማ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ስድስት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሽ መንክር» ይለዋል። የመጀመሪያ ልጁ እሌኒ በማግስቱ ሐዋሳ ላይ ታገባለች። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ረፋድ ላይ ይመጣል፤ እሌኒ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ትወጣለች። የመጨረሻው መኪና ከከተማው የሚነሳው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያ ካመለጠው ልጅቱ የምትስመው ጉልበት የለም።

ታዲያ ይህ ሰው ለምን አይሄድም?

ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። በዚያ ክፍል ሦስት ትልልቅ ኮምፒውተሮች አሉ። በሦስቱ ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሃያ ሁለት ኮምፒውተሮች ይኖራሉ። እጅ አይዳስሳቸውም፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። አንዱ የካርድ ክፍሉ ነው፣ አንዱ የላብራቶሪው፣ አንዱ የመድኃኒት ቤቱ። እነዚህን ሁሉ ከላይ ሆኖ የሚያይ፣ «አንተ ተነሳ፣ አንተ ወደዚህ ተዛወር» የሚል አንድ አለቃ አላቸው። ባለሙያዎቹ ማኔጅመንት ሰርቨር ይሉታል። እኛ አስተዳዳሪው እንበለው።

ይህን አስተዳዳሪ ከስምንት ዓመት በፊት የተከለው ጋሽ መንክር ነው። ብቻውን። አብሮት የሚሠራ ሰው እንኳ አልነበረም። ዓመታት አለፉ፣ አስተዳዳሪው አረጀ። አዲስ ስሪት ወጣ፤ ሌላም ወጣ። «እንቀይረው» ሲሉት «ከፋሲካ በኋላ» አለ። ፋሲካ አለፈ። «ክረምቱ ይለፍ» አለ። ክረምቱም አለፈ። ኮምፒውተሮቹ በተቆለፉበት ቁም ሣጥን በር ላይ በትልቁ ጽፎ ወረቀት ለጠፈ፦ «አይነካም»። አሁን ግን የአሮጌው ፈቃድ ሰኞ ያበቃል። ካበቃ በኋላ ማንም ሊገባበት አይችልም። ይኸው ሲገፋ ሲገፋ የቆየው ሥራ የልጁ ሠርግ ዋዜማ ላይ ወደቀበት።

የገዛ እጁ ሥራ ነው እንጂ ማን አመጣበት?

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ወይዘሮ አጸደ ናት፤ ከሐሙስ ጀምሮ ሐዋሳ ናት።

«መንክር፣ ልጅህ ‹አባባ መቼ ይደርሳል› ትለኛለች። ምን ልበላት? ኮምፒውተር እያስታመመ ነው ልበላት?»

«እደርሳለሁ አልኩሽ እኮ።»

«እኔንም ስታገባኝ እንዲሁ ብለህ በስንት ሰዓት ነው የመጣኸው? ተወው!» ዘጋችው።

ስምረት ሳቋን በእጇ ያዘች። እሱም ሊስቅ ነበር፣ ተወው። «እሺ» አለ ወንበር ስቦ፤ «ጀምሪ። እኔ አያለሁ።»

ጀመረች። አዲሱ ስሪት እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ? አሮጌውን አይጠግኑትም። ከጎኑ ሌላ፣ ፍጹም አዲስ ይተክላሉ። አዲሱ መጀመሪያ በእንግድነት በጊዜያዊ አድራሻ ይቀመጣል። ከዚያ አሮጌው የሚያውቀው ሁሉ ወደ እሱ ይገለበጣል። የሃያ ሁለቱ ስም፣ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ምን እንደተፈቀደለት፣ ሁሉም። ግልበጣው ሲያልቅ አሮጌው ይጠፋል። አዲሱ የአሮጌውን ስምና አድራሻ ይይዛል። አለቀ።

በመካከል ግን አንድ አፍታ አለ። አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱ ገና አልተነሳም። አስተዳዳሪ የለም።

ያን ጊዜ ጋሽ መንክር መቀመጥ አቃተው። አስተዳዳሪው ባይኖርም ሃያ ሁለቱ ሥራቸውን እንደማያቆሙ ጭንቅላቱ ያውቃል፤ ለስምረት ያስተማራት ራሱ ነው። ሆዱ ግን አያውቅም። ተነሥቶ በኮሪደሩ ሮጠ፣ ካርድ ክፍል ደረሰ። ወይዘሮ ዘነበች መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ካርድ ታወጣለች።

«ይሠራል?» አላት እያለከለከ።

«ምኑ?»

«ሲስተሙ!»

«ይሠራል። ለምን አይሠራም? ደግሞ በሩ ላይ አትገተር፣ ሰልፉን ዘጋህብኝ።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አትሳቁበት። ስምንት ዓመት ሙሉ «እኔ ለአፍታ ዞር ካልኩ ሁሉ ነገር ይቆማል» ሲል ለኖረ ሰው፣ «ሰልፉን ዘጋህብኝ» መባል ቀላል ነገር አይደለም። ተመለሰ። በመንገዱ ላይ ግን ደረቱ ቀለል አለው። ለምን እንደሆነ አላወቀም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲሱ ተነሣ። ሃያ ሁለቱም በየተራ አረንጓዴ በሩ። ስምረት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሣች።

«በቃ፣ የሙሽራ አባት! ሻንጣዎን ያንሡ። ለመንገድ የሚሆን ሳምቡሳ ገዝቼልዎት ልምጣ።»

ወጣች። ጋሽ መንክር ብቻውን ቀረ።

ስክሪኑን አየው። ሁሉም ሰላም ነው። አሮጌውን አየው። ጠፍቶ፣ ስሙ ገርጥቶ ከዝርዝሩ ግርጌ ተቀምጧል። ስምንት ዓመት። በዚያ ስም ስንት ቀን ምሳ ሳይበላ ውሏል፤ ከስንት ለቅሶ ቀርቷል። አዲሱ ቢሰናከልስ? ስምረት ባታውቅበትስ? እሱ መንገድ ላይ ሳለ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ፣ የሆነ ነገር ቢሆንስ?

«ለማንኛውም» አለ ለራሱ። «ለማንኛውም በርቶ ይቆይ።»

አሮጌውን አበራው።

ይህን ስህተት ሌላ ሰው አይሠራውም፤ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ማብሪያው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ሥራውን የሚወድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

ስምረት ሳምቡሳውን በጋዜጣ ጠቅልላ ስትመለስ ስክሪኑ ታውኳል። አንዱ አረንጓዴ ይበራል፣ ይጠፋል። የላብራቶሪው ይታያል፣ ይሰወራል። ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ መልስ የለም። እንደገና ሲሞክሩ ካልታሰበ ቦታ መልስ ይመጣል።

«አየሽ?» አለ ጋሽ መንክር። «አላልኩሽም? ይኸው አዲስ ያልሽው!»

ወገኖቼ፣ ደስ ብሎት እኮ ነው የተናገረው! ልጁ ነገ ልትዳር፣ መኪናው ሊያመልጠው፣ እሱ ግን አዲሱ ስለተበላሸ ፊቱ በራ። አንፍረድበት። ይህን ደስታ የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

ስምረት ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበች፣ ቆመች።

«ጋሽ መንክር።»

«አቤት።»

«ይሄን ማን አበራው?»

ጋሽ መንክር ዓይኑን ወደ ሻንጣው መለሰ።

«ሁለቱም አንድ ስም፣ አንድ አድራሻ ነው የያዙት። ሁለቱም ‹አለቃው እኔ ነኝ› እያሉ ነው። ሃያ ሁለቱ የማንን ይስሙ?»

«ለማንኛውም ብዬ ነው፣ ስምረት። ለመጠባበቂያ።»

«መጠባበቂያው ትናንት በዲስክ ተገልብጦ የዳይሬክተሩ ካዝና ውስጥ ተቆልፏል፤ አብረን ነው ያስቀመጥነው። ይሄ መጠባበቂያ አይደለም። ይሄ ተቀናቃኝ ነው።»

ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ከሩብ። እሷ አሮጌውን ማጥፋት ትችል ነበር፤ ኪቦርዱ እጇ ላይ ነው። አላጠፋችውም። ወንበሯን ለቀቀችለት። «አዲሱ ምንም አልሆነም። አሮጌውን እርስዎ ራስዎ ያጥፉት። ከዚያም ይሰርዙት።»

ተቀመጠ። አጠፋው። «ይሰረዝ?» ብሎ ማሽኑ ጠየቀው። ጣቱ አየር ላይ ቆየ። የእሌኒን ፊት አሰበ፤ በሩ ላይ ቆማ መንገድ መንገድ ስታይ። ተጫነው።

ወዲያው አልተስተካከለም። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ከዚያ አንዱ አረንጓዴ በራ፤ አልጠፋም። ሌላው በራ። ሦስት። ሰባት። ሃያ ሁለት! ስምረት አላስቻላትም፤ እልልታዋን ለቀቀችው። ኮሪደሩ አስተጋባው። ከላብራቶሪ በነጭ ጋዋን፣ ከካርድ ክፍል በመነጽር፣ «ማን ወለደ? ማን ወለደ?» እያሉ ሮጠው መጡ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ።

ከወንድማችሁ ጋር ታርቃችኋል፤ ሽማግሌ ፊት ተሳስማችኋል። ታዲያ ያን የድሮ በደሉን ለምን በልባችሁ እንደበራ አቆያችሁት? «ለማንኛውም» ብላችሁ አይደለም? መጠጥ ትተሃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ ያለችው ግማሽ ጠርሙስስ ምን ትሠራለች? ልጅሽን ድረሻል፣ እናቴ። ታዲያ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወልሽ «ምን አበላችህ?» የምትዪው ለምንድን ነው?

እግዚአብሔር አሮጌውን ሕይወታችንን አልጠገነልንም። ከጎኑ አዲስ ተከለልን። በስማችን፣ በዚያው ቤታችን፣ በዚያው ሰፈራችን አስቀመጠው። እኛ ግን ሰው ዘወር ሲልልን እንገባና አሮጌውን እናበራዋለን። ከዚያ ቤታችን ይታወካል። አንድ ቀን ፍቅር፣ አንድ ቀን ቂም፤ ጠዋት ጸሎት፣ ማታ ስድብ። ልጆቻችን የቱን አባት ይስሙ? የቱን እናት ይስሙ?

ከዚያ ምን እንላለን? «አየህ፣ ይቅርታ አይሠራም!» «አየሽ፣ ንስሐው አልያዘም!» ኧረ ይሠራል፣ ወገኖቼ! አዲሱ ምንም አልሆነም። አሮጌውን ያበራነው እኛ ነን። ያበራችው እጅ ደግሞ ማጥፋት ትችላለች፤ ማንም አይቀማችሁም፣ ማንም አያጠፋላችሁም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳቡት። ግርጌው ላይ ምን በርቷል? ስሙን ታውቁታላችሁ። ተጫኑት። ሃያ ሁለቱ አረንጓዴ ሲበሩ የሚሰማውን እልልታ እናንተም ስሙት!

በዚያ ክፍልም ደስታው ቀጥሏል። ወይዘሮ ዘነበች ምኑም ሳይገባት ታጨበጭባለች። የላብራቶሪው ሰው ሳምቡሳውን ከጋዜጣው አውጥቶ አንዱን ጎረሰ። ስምረት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ በጣቷ ስክሪኑን እየነካች «ይሄ እናንተ ናችሁ፣ ይሄ ደግሞ ፋርማሲ» እያለች ታሳያቸዋለች። ሁሉም ተጠጋግተው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይስቃሉ።

ጋሽ መንክር ሻንጣውን አነሣ። ኮሪደሩን ይዞ ወጣ፤ በካርድ ክፍሉ ሰልፍ አጠገብ አለፈ፣ ግቢውን ተሻገረ፣ ወደ መናኸሪያው ሄደ።